የየሺ ድርቆሽና የዳማ ዓይን

እሑድ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን

ለክቡር አባቴ ለአለቃ ጥበቡ፣ የደብራችን ዓምድ፣ የጉባኤያችን መብራት፣ ምሥጢርን እንደ ንብ ቀስመው ማሩን ለተማሪ ሁሉ ያለ ስስት ለሚያካፍሉ፣ በፍርድም ጊዜ እንደ እውነተኛ ሚዛን ወደ ዘመድም ወደ ባዕድም ለማያጋድሉ፤ ስለ ደብራችን መሬት ደብረ ታቦር ተሻግረው በሚሟገቱበት በዚህ ወራት የየዕለቱን ውሎ እየጻፍሁ በየሳምንቱ እንድልክልዎ ስላዘዙኝ፣ ዛሬ ጾመ ነቢያት በገባበት ቀን ብዕሬን ቀርጬ ከማኅሌቱ ልጀምር ስል፣ ማኅሌቱን የሚያስረሳ ነገር መጣ።

ዳማ ታመመ።

የቀኛዝማች ውብነህን ዳማ ነው የምልዎ፤ ያን በጥምቀት ጉግስ ሜዳውን ሁሉ የሚያስጨንቀውን ፈረስ። ከቅዳሴ ስንወጣ የፈረሶቹ ጠባቂ፣ እንዳለ የሚባለው ባልደራስ፣ ነጠላውን እንኳ በወጉ ሳያጣፋ እየሮጠ መጣና፣ «የኔታ፣ ይድረሱልኝ! ዳማ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ ይገጫል» አለኝ። ሰባ አራት ዓመት የተሸከመውን ጉልበቴን ረስቼ ከእርሱ እኩል ቁልቁል ወረድሁ።

ያየሁትን እጽፋለሁ። የዓይኑ ብሌን ከወትሮው እጥፍ ሰፍቷል። ከፀሐይ ይሸሻል። ምላሱ ደርቋል። ሆዱ ተነፍቷል፤ አንገቱን እያዞረ ጎኑን ያያል። ሁለተኛው ፈረስ ጉራቻም ይህንኑ ምልክት በመጠኑ ያሳያል። ሦስተኛው ቡላ ግን እንደ ልማዱ ጤነኛም ክፉም ነው፤ ብጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጥርሱን አሳየኝ።

ቀኛዝማች በጋጣው በር ቆመው፣ «መርዝ ነው» አሉ። «ድርቆሹን ያመጣችው የሺ ናት። ከመስኳ ክፉ ቅጠል አጭዳ ፈረሴን አብልታብኛለች።»

የሺን ያውቋታል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን መስክ እያጨደች፣ ድርቆሹን እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድገዋን። መስኳ ከቀኛዝማች መሬት ጋር ይዋሰናል። ለሚመጣው እሑድ ሽማግሌዎች ከወይራው ሥር ይቀመጣሉ፤ በድርቆሿ ውስጥ መርዝ ከተገኘ መስኩ ለቀኛዝማች ካሣ ይሆናል፤ እርሷም ከነልጆቿ ያለ መተዳደሪያ ትቀራለች። እኔ በወጣትነቴ በቤተ ልሔም ድጓ ስማር ቅጠልና ሥር የሚያውቁ አንድ አዛውንት አገልግዬ ስለ ነበር፣ መኖውን ሁሉ መርምሬ በጉባኤው የምመሰክር እኔ እንድሆን ሁለቱም ወገን ተስማሙ።

አባቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ስለ አንዲት ሴት እንጀራ ልሰጋ ሲገባኝ፣ ልቤ ቅኔ ሊያስነግሩት እንደ ጠሩት ተማሪ ዘለለ። ዓይኔ ለሚያስፈልግ ነገር ከተፈለገ ስንት ዘመን ሆነው!

ከመመለሴ በፊት ለዳማና ለጉራቻ ከሚካኤል ጉዝጓዝ አጎረስኋቸው። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በበዓሉ በቤተ ክርስቲያን ወለል የተነጠፈው ሣር በማግስቱ ሲጠረግ በረከት ስለ ሆነ አይጣልም፤ ምእመናን ተካፍለው ለከብቶቻቸው ያበሉታል። የእኔን ድርሻ፣ ሌላ ከብት ስለሌለኝ፣ በቅሎዬም ለግጦሽ ቆላ ስለ ወረደች፣ በትልቁ አገልግል አኑሬ ከዓርብ ጀምሮ ጧት ጧት ለእነዚህ ሁለት ፈረሶች እወስዳለሁ። ዳማ ገብሱንም ድርቆሹንም ንቆ ይህን ግን ከእጄ በላ። ባልደራስ እንባው ቀረረ። እኔም ኮራሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን

ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ በየሺ ደጃፍ ተገኘሁ። ነጩን ጋቢዬን ፀሐይ ላይ አነጠፍሁ። ከዚያ ድርቆሹን እስር በእስር እየፈታሁ፣ ዘለላ በዘለላ እየለየሁ፣ ስሕተት የሚፈልግ አራሚ በብራና ላይ እንደሚያጎነብስ አጎንብሼ ዋልሁ። አንዱን በጣቴ አሽቼ አሸታለሁ፤ አንዱን ጥርሴ በቀረበት ወገን ነክሼ እተፋለሁ፤ የተረፈውን ብናኝ በወንፊት አበጥራለሁ።

የተገኘው፦ ሰርዶ። ማገጥ፣ ብዙ ማገጥ፣ ፈረስ የሚመኘው ዓይነት። ሰንበሌጥ። የደረቀ አደይ አበባ። አንዲት የሞተች አንበጣ። ከሕፃን አንገት የወደቀ የሚመስል ሰማያዊ ክር።

ሌላ የለም።

የሺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከራሴ በላይ ቆማ ነበር። «የኔታ፣ ካበጠሩ አይቀር አለስልሰው ያበጥሩልኝ፤ ለትራሴ ይሆነኛል» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ልጄ። የምፈልገው ለአንቺው ነው።»

«ለኔ ነው? ቀኛዝማች ድርቆሼን ስንት በጋ ሲያበሉ ጣፋጭ ነበር። ዘንድሮ መስኬ ሲለመልም ጊዜ መርዝ በቀለበት?»

እኔም ወደ አንበጣዋ ተመለስሁ።

ቀትር ላይ ወደ ጋጣው ሄጄ ባልደራስን እንደ ዳኛ ጠየቅሁት። «ከድርቆሽ ሌላ ምን ይበላሉ? አንዲት ነገር ሳታስቀር ንገረኝ።»

«ገብስ ይበላሉ። የጤፍ ጭድ ይበላሉ። ከወንዙ ይጠጣሉ። በሚካኤል፣ ሌላ ምንም!»

ጻፍሁት፦ ድርቆሽ፣ ገብስ፣ ጭድ፣ ውኃ። አራት ነገር። አንዱ ጸድቷል፤ ሦስት ቀረ። ነገሩ እንዲህ እንደ አራት ቤት ቅኔ ተሰድሮ ሳየው ከደስታ ብዛት ለዘጠኝ ሰዓቱ ሽሮ እንኳ ቁጭ ብዬ አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን

አገኘሁ! እንክርዳድ!

ገብሱን በሰፌድ ላይ ዘርግቼ ፍሬ በፍሬ ስቆጥር ከረፋዱ ጀምሮ ነበርሁ፤ ከቀኛዝማች ጎተራ የወጣ፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ የሚያስመሰግን ገብስ ነው፤ በመካከሉ ግን ቀጠን ጠቆር ብላ፣ እንደ ሌባ ከዘመድ መካከል ተደብቃ፣ አንዲት እንክርዳድ አየሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በጠቅላላው አሥራ አንድ ፍሬ። በወንጌል ጠላት በሌሊት መጥቶ ስለ ዘራው ዘር ስንት ጊዜ ተርጉሜ ይሆን፣ ዛሬ ግን በመዳፌ ይዤው ቆምሁ፤ ጮህሁም መሰለኝ፤ የቀኛዝማች ውሾች ሁሉ ጮኹብኝ።

ቀኛዝማች ወጥተው መዳፌን አዩ። ፊታቸው አልበራም። «ከእኔ ጎተራ ነው የሚሉኝ?»

«ከእርስዎ ጎተራ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ እንክርዳድ አይደለም» አሉና ገቡ።

ባልደራስ ሳቁን በክንዱ ሸፈነ። ቀጥሎ ግን ጎኔን የሚወጋ ነገር ተናገረ። «የኔታ፣ ይህ ገብስ ቢያሳብድ ኖሮ መጀመሪያ የሚያብደው ቡላ ነበር። የሁለቱን ድርሻ ሳይቀር እየቀማ የሚበላው እርሱ ነው።»

ልክ ነው። ቡላ ዛሬም ጤነኛ ነው፤ ዛሬም ባልደራስን ትከሻው ላይ ነክሶታል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥሁም፤ ከጾሙ ሰዓት በኋላ አሥራ አንዱንም ፍሬ ፈጭቼ በውኃ ጠጣሁ፤ ይዞረኝ እንደ ሆነ ለማየት ከምሰሶዬ ጋር ተደግፌ ተቀመጥሁ። አልዞረኝም። እንቅልፍ ብቻ ወሰደኝ፤ እርሱ ደግሞ ያለ እንክርዳድም ይወስደኛል።

ገብሱ ጸድቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን

ጭዱን ጨረስሁ። ከአቧራ በቀር ምንም። ወንዙን ከምንጩ እስከ መሻገሪያው በእግሬ ወረድሁ፤ እንዶድ አለ፣ ግን ከፈረሶቹ መጠጫ በታች ነው። አንዱን ጫማዬን ውኃ ወሰደው። አራቱም ጸዱ።

ዳማ ዛሬ ተኛ። የሚወዱት ፈረስ ተኝቶ ማየት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። ጧት ጉዝጓዙን ሳቀርብለት ከእጄም አልበላ አለ፤ ጉራቻ ብቻ ጥቂት ጎረሰ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው መንደሩን ስለ ሞላው የሺ ራሷ ወደ ጋጣው መጣች። ቀኛዝማች፣ ባልደራስ፣ እኔ፣ ሁለት ጎረቤቶች ቆመናል። አንዷ ጎረቤት፣ «የሺ፣ መርዙን የት ደበቅሽው? የኔታ እኮ ጋቢያቸውን ጨረሱ» ብትላት፣ የሺ ዘወር ብላ እንኳ አላየቻትም። ከራሷ ድርቆሽ አንድ ጭብጥ አነሣች፤ በሁላችን ፊት አፏ ውስጥ ከታ ማኘክ ጀመረች። አኘከች፣ አኘከች፤ እንባዋ ወረደ፤ ዋጠችው።

«ይኸው» አለች። «ካልሞትሁ በእሑዱ ጉባኤ እንገናኝ።»

ቀኛዝማች ጢማቸውን ነካክተው፣ «አንቺ ፈረስ አይደለሽም» አሉ።

«አዎን ጌታዬ፣ ፈረስ ብሆን ይታዘንልኝ ነበር።»

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን አየሁ። ድርቆሽ፣ ገብስ፣ ጭድ፣ ውኃ። ሁሉም ንጹሕ፣ ፈረሱም የተመረዘ። በዚህ ዕድሜዬ የማይፈታ ነገር ማግኘቴ ያስቆጣኛል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም ይለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን

በጥድፊያ እጽፋለሁ፤ ፊደሉ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ጧት አገልግሌን ይዤ ወደ ጋጣው ስገባ ባልደራስ ለቡላ ድርቆሽ በረጅም መንሽ ከሩቅ ይሰጠው ነበር። እኔም ለወሬ ያህል፣ «ይህን ክፉ ምን ብታበላው ነው ሕመም የማይደፍረው?» አልሁት።

«እኔ የማበላው ለሦስቱም አንድ ነው፣ የኔታ። ለእርሱ የቀረበት የእርስዎ ብቻ ነው።»

«የኔ ምን?»

«በረከቱ ነዋ! ያን ተናካሽ ማን ያጎርሰዋል? ባለፈው ዓመት ጣትዎን ሊወስድ ሲል ጊዜ፣ ‹ይህ ከሐዲ ነው፣ በረከት አይገባውም› ብለው አልማሉም?»

አባቴ፣ በዚያ ቅጽበት አገልግሉ ከእጄ ወደቀ።

ባልደራስ አልዋሸኝም ነበር። ምን ይበላሉ ብዬ ጠየቅሁት፤ የሚበሉትን ነገረኝ። በረከት መኖ አይደለም፤ በረከት በረከት ነው። እኔም ብሆን በመኖ ወረቀቴ ላይ ለመጻፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። ሁለት ፈረስ ከእጄ በላ፣ ሁለት ፈረስ ታመመ፤ አንዱን ፈረስ ጥርሱ አዳነው።

እዚያው መሬት ላይ ነጠላዬን አነጠፍሁና አገልግሉን ገለበጥሁት። ቄጠማ መስሎኝ ነበር፤ ከፊሉ ቄጠማ፣ ከፊሉ ግን ወፍራም የደጅ ሣር ነው፤ በምእመናን እግር ተረግጦ ደቅቋል። አበጠርሁት። በወንፊቱ ላይ የተሰበረ እሾሃማ ቅርፊት ቀረ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ኩላሊት የታጠፈ፣ ጠፍጣፋ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ፍሬ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውሁ።

አስተናግር ነው። ያ የበላው ሰው ከሌለ ሰው ጋር የሚያወራበት። አዛውንት መምህሬ ስለ እርሱ ያስተማሩኝ ጆሮዬ ላይ አሁን የተነገረ ያህል ተሰማኝ፦ እርጥብ ሳለ ሽታው ስለሚከረፋ ከብት አይጠጋውም፤ ከሌላ ሣር ጋር ሲደርቅ ግን ሽታው ይጠፋል፣ ክፋቱ አይጠፋም።

ፍሬውን በምራቄ አርሼ በጣቴ ደፈጠጥሁት፤ አሸተትሁት፤ ተጠራጠርሁ፤ ደግሜ ደፈጠጥሁት። ከዚያም ባልደራስ እንዳያየኝ ዘወር ብዬ፣ በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግሁ። አለቀስሁ አልልዎትም። አቧራ ነበር።

የቀረውን ጉዝጓዝ አንድ ዘለላ እንኳ ፈረስ እንዳያገኘው ይዤ ተመለስሁ። ለዳማና ለጉራቻ ውኃ በብዛት፣ ጥላ፣ የየሺ ድርቆሽ ብቻ፣ ሌላ ምንም፤ ብዬ ለባልደራስ አዘዝሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳ ቀን

ዛሬ ሲነጋ ዳዊቴን ገልጬ ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ውኃ እንደ ገባበት ቀለም ተዘርግቶ ይታየኛል። ግራ ዓይኔን ብሸፍን ባሰ፤ ቀኝ ዓይኔን ብሸፍን ተስተካከለ። እርጅና በአንድ ሌሊት ጨረሰኝ ብዬ ወደ ውጭ ብወጣ ፀሐይዋ ቀኝ ዓይኔን እንደ ጦር ወጋችኝ፤ እጄን ግንባሬ ላይ ደፍቼ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወደ ጋጣው ሄድሁ።

ባልደራስ አየኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የኔታ! ቀኝ ዓይንዎ የዳማን ዓይን ሆኗል!»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ብሌኑ ሰፍቷል! ግራው የእርስዎ ነው፣ ቀኙ የዳማ ነው። እመቤቴን!» አለና አማተበብኝ።

መስተዋት የለኝም፤ በውኃ ገንዳው ላይ አጎነበስሁ። እውነት ነው። አንዱ ብሌን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጠቧል፣ ሌላው እንደ ጉድጓድ ተከፍቷል። ትናንት በዚያ ጣቴ ዓይኔን መጥረጌ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ፣ አባቴ፣ ሳቅሁ! በአንድ ዓይን የታወርሁ ሽማግሌ በገንዳ ላይ ተደፍቼ እስኪያስለኝ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ከዛሬ በፊት የነበረኝ ግምት ነበር፣ አሁን ግን ምስክሩን በግንባሬ ይዤው እዞራለሁ።

ዳማ ተነሥቷል። ውኃ ጠጣ። አሁንም ይንገዳገዳል፤ ግን ተነሥቷል።

ማታ የሺ ከዓርብ ገበያ ስትመለስ በደጃፌ አለፈች። አህያዋ እንደ ተጫነች ነው። «አንድ እስር የሚገዛ ጠፋ፣ የኔታ» አለችኝ ሳትቆም። «‹የመርዙ ድርቆሽ መጣ› እያሉ አህያዬን ሳይቀር ሸሿት።»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። መጀመሪያ ግን ለቀኛዝማች ልንገር አልሁና ዘጋሁት። ይህ ብልሃት ይሁን ፍርሃት ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን

ጽዮን ናት። ከቅዳሴ መልስ ዲያቆናቱን የሚካኤልን ሣር ከየት እንዳጨዱ ጠየቅኋቸው። ረግረጉን ከብት ስለ ጨረሰው፣ የጎደለውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ከፈረሰው በረት እንደ ሞሉት ነገሩኝ። «እዚያ ያለው ሣር እስከ ወገብ ነው፣ የኔታ፤ ለሚካኤል ይገባል ብለን ነው!» አሉ። በቅን ልብ። ፍግ የጠገበ መሬት ሣሩን እንደሚያወፍር አስተናግሩንም እንደሚያወፍር ማን አስተማራቸው?

ሄጄ አየሁ። በማጭድ የተቆረጡ ጉቶዎች አሉ፤ ያልተቆረጡትም እሾሃማ ፍሬያቸውን ከፍተው ቆመዋል። አንዱን ከነሥሩ ነቀልሁ። ሥሩን ይዤ ወደ ቀኛዝማች ሄድሁ፤ ሁሉን ነገርኋቸው። ጉዝጓዙን፣ አገልግሉን፣ የገዛ እጄን።

እርሳቸውም ለስለስ ብለው፣ «አንቱ የኔታ» አሉኝ፣ «የሚካኤል በረከት ፈረስ መረዘ ብለው ከሕዝብ ፊት ሊቆሙ ነው? በዚህ ዕድሜዎ? ስምዎንም ደብሩንም ያዋርዳሉ። ‹ምን እንደ ሆነ አልታወቀም› ይበሉ፤ ይበቃል።»

«አልታወቀም ካልሁ የሺስ?»

«የሺን ሽማግሌ ያውቃል።»

ገባኝ። አልታወቀም ካልሁ ጥርጣሬው መስኳ ላይ እንደ ተኛ ይቀራል፤ መስኩም ቀስ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ምክራቸው ጣፈጠኝ። ሐምሳ ዓመት በዚህ ደብር ቆሜ የኔታ ስባል፣ አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» ማለት ሳያስፈልገኝ ኖሬያለሁ። አመሻሹን ሁሉ ለነገ የምናገረውን ስሰድር ቆየሁ፤ ጥፋቴ እንዳይሰማ በሐተታ የተጠቀለለ ረጅም ንግግር ሆነ። በጣም ያማረ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን

ያን ያማረ ንግግር አልተናገርሁትም።

ከወይራው ሥር ሰው እንደ በዓል ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት፣ በመካከላቸው አቶ ዘውዴ፣ የሚያውቁት ቀልደኛ ገበሬ። የሺ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኛዝማች በርጩማ ላይ። ስነሣ ፀሐይዋ ቀኝ ዓይኔን መታችው፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ፤ የቀረኝ ይህ ብቻ ነበር፦

«ፈረሶቹን ያበላሁ እኔ ነኝ።»

ከበስተኋላ አንዱ ቄስ፣ «የተባረከ ሣር አይገድልም! ይህ ስድብ ነው!» አለ። ሌላው፣ «የኔታ ጃጅተዋል» ሲል ሰማሁ።

«በረከቱን አልነቀፍሁም» አልሁ። «ሣሩ ገና ሳይባረክ ከበረት የታጨደው በማጭዳችን ነው፤ ሳይበጠር ለፈረስ የተሰጠውም በእጄ ነው። እግዚአብሔር የእኛን ሥራ እንዲለቅምልን ባንጠብቅ ይሻላል።» የነቀልሁትን ከነሥሩ አስቀመጥሁ፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውንም ፍሬ።

አቶ ዘውዴ ፍሬውን በጣታቸው ሊያነሡ ሲሉ፣ «ይነኩት፣ ግን ዓይንዎን እንዳይነኩበት» አልኋቸው። «ለምን?» አሉ። ቀርቤ ጎንበስ አልሁላቸው። «ዓይኖቼን ይዩ። ፀሐይ ላይ ይዩአቸው።»

አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ተነሥቶ አየ፤ ሦስተኛውም። ከዚያ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ሕፃን የታቀፈው ሳይቀር ሰው ሁሉ ፊቴን ሊያይ መጣ። «ባልደራስ፣ ዳማን አምጣ!» አሉ አቶ ዘውዴ። ዳማ መጣ፣ ቀስ እያለ፣ በእግሩ። ከጎኑ አቆሙኝ። «እህ!» አሉ ሽማግሌው ከእርሱ ወደ እኔ እያዩ፤ «ዳማስ ሣሩን በላ፤ የኔታ፣ እርስዎም ከአገልግሉ ቀምሰው ኖሯል እንዴ?»

ወይራው ሥር ሳቅ ሆነ። ያ ቄስ እንኳ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ስለ የሺ መርዝ የሚናገር አልተገኘም።

ተፈረደ፦ ድርቆሹ ንጹሕ ነው፤ መስኩ የየሺ ነው። ቀኛዝማች ተነሥተው፣ «ፈረሴስ ቢሞት ከማን ልጠይቅ?» አሉ። «ከእኔ» አልሁ። «ዳማ ከሞተ በቅሎዬ ትተካ።» በዓለም ያለኝ ንብረት እርሷ ብቻ እንደ ሆነች ስለሚያውቁ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቃሌን ያዙ።

የሺ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወደ እኔ መጥታ፣ «ሳምንት ሙሉ ሣሬን ሲያበጥሩ» አለች፣ «አንድ ቀን የራስዎን አገልግል ማበጠር አቃተዎት?» ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ከፀሐይ እየጋረደች እስከ ደጃፌ ሸኘችኝ። ባልደራስም ከኋላችን፣ ቀኛዝማች ለነገ ከእርሷ አሥር እስር ድርቆሽ እንዳዘዙ ይነግራት ነበር፤ እርሷም፣ «ቀድመው ያኝኩትና ይወስዱታል» ትል ነበር።

ዳማ ዛሬ ገብስ ቀመሰ። ብሌኑ አሁንም ሰፊ ነው፤ ሲራመድ የኋላ እግሩ ይሳሳታል፤ ለጥምቀት መድረሱን አላውቅም፤ መዳኑንም ገና በሙሉ አፌ አልናገርም። ጉራቻ ግን ድኗል። በጉባኤው የተናገሩኝ ሁለቱ ቄሶች ሰላም አይሉኝም። የእኔ ዓይን ይህን ስጽፍ ትንሽ ጠራ ብሎልኛል፤ መስመሮቹ እየተቃኑ እንደ መጡ ያያሉ።

አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ለልደት የሚጎዘጎዘው ሣር ከፈረሰው በረት እንዳይታጨድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት እኔ እንዳበጥረው፣ ትእዛዝዎን በፊርማዎና በማኅተምዎ ጽፈው ዲያቆናቱ ማጨድ ሳይጀምሩ ይላኩልኝ።